የሰፋችልኝ ትከሻ

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቅ አልነበራትም፤ በረንዳችን ላይ የስፌት መኪናዋን አውጥታ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። አገሩ ደሴ ነው፤ ለሥራ ባሕር ዳር መጥቶ እናቴን አገኘና በዚያው ቀረ። እናቴ የዚያው አካባቢ፣ የዱርቤቴ ልጅ ናት። እኔ የመጀመሪያ ልጃቸው ነኝ፤ ከእኔ በታች ወንድሞች አሉኝ።

ስምንተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ በነሐሴ፣ ለአብዮት በዓል ሰልፍ እንድንለማመድ የቀበሌያችን ወጣቶች ወደ ሜዳ ተጠራን። ያን ጊዜ እምቢ ማለት የለም፤ የቀረ ይጠየቃል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር የሄድሁት። ቁመቴ በዚያ ክረምት ተመዝዞ ስለ ነበር፣ የሚያሰልፈን የወጣት ማኅበሩ ሰው ገና ሲያየኝ ከፊተኛው ረድፍ አቆመኝ። ቀበሌው ያደለንን ነጭ ካናቴራ ለብሰን በጭቃው ላይ ግራ ቀኝ ስንል እንውላለን።

አንድ ቀን ሰውየው ረድፉን ሊያስተካክል ከዳር ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትከሻ ለትከሻ ሲያየን እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንቺ፣ ቀኝ ትከሻሽን አውርጂ።»

አወረድሁ።

«አውርጂ አልሁሽ!»

«አወረድሁ እኮ።»

መጥቶ በመዳፉ ተጫነኝ። ሲጫነኝ ይወርዳል፤ ሲለቀኝ ተመልሶ ይነሣል። ደግሞ ተጫነኝ። ከኋላዬ አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ ተከተለቻት። «እያሾፍሽብኝ ነው?» አለኝ። ዞሮ በጀርባዬ በኩል አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነይ እስቲ፣ አንቺ መጨረሻው ረድፍ ላይ ሁኚ» አለኝ። ከጩኸቱ ይልቅ ያ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ አሳፈረኝ። ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው በሽተኛ ፊት ነው።

ቤት ስገባ እናቴ መኪናዋን እየረገጠች ነበር። ነገርኋት። እግሯ ቀጥ አለ።

«ማን አየ?»

«ሁሉም።»

«ልጅ ነሽ፣ ስታድጊ ይስተካከላል» አለችና መርገጧን ቀጠለች። «ነገ አሞኛል ብለሽ ቅሪ።»

ምን እንደሆንሁ አልጠየቀችኝም። ዙሪ ላይሽም አላለችኝም። ያኔ ይህን አላስተዋልሁትም።

በዚያው ሰሞን የቤታችንን ልብስ ተሸክሜ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። እስከዚያ የምታጥበው እናቴ ነበረች፤ ያን ቀን ግን ስፌት በዝቶባት ነበር። ጣና ዳር ተደርድረው ከሚያጥቡት ሴቶች ራቅ ብዬ አንድ ድንጋይ ያዝሁ። ያለፈውን ዓመት ዩኒፎርሜን አጥቤ ስጨምቀው በግራ ትከሻው በኩል እምቢ አለኝ፤ ውሃ ቋጥሮ ይከብዳል። በጣቴ ስዳብሰው ከጨርቁ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ስፌቱን በጥርሴ በጥሼ ሳወጣው ተደራርቦ የተሰፋ ጥጥ ነው፤ መዳፌን ያህላል። ቀኙን ፈተሽሁ፤ ባዶ ነው። የበዓል ቀሚሴን ፈተሽሁ፤ ግራው ላይ አለበት። የቤት ልብሴ ላይም አለ፤ እዚያ ላይ ሳሳ ይላል።

ከድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁ። ዓመት ሙሉ እናቴ አንዱን ትከሻዬን በጥጥ ስትሞላ ኖራለች። ሌላው ሰው ያላየብኝ እሷ ስለ ሸፈነችው ነው፤ ቀበሌው ያደለውን ካናቴራ ግን እሷ አልሰፋችውም።

ልብሱን ሳላደርቅ እርጥቡን ይዤ ተመለስሁ። ጥጡን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርሁት።

«ታውቂ ነበር?»

አየችው። አንሥታ ከመቀነቷ ሸጎጠችው። «ሰው እንዳያይሽ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ልታደርጊው? ጎብጠሽ ትሄጂ ነበር እንጂ።»

ክፋት አልነበረባትም። ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን የተረዳሁት፣ እናቴ በእኔ ታፍር እንደ ነበር ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም በራሴ ማፈሩን አጥብቄ ያዝሁት። በግድግዳ በኩል እሄዳለሁ፤ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ ሰው እንዳይኖር መጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ነጠላዬን በፀሐይም በዝናብም አላወልቅም።

መስከረም ሲጠባ እናቴ አንድ ወጌሻ ዘጌ እንዳለ ሰማች። ለአባቴ «ወደ ገዳም ስለት አለብኝ» ብላ፣ እኔን ይዛ በሞተር ጀልባው ተሳፈረች። ሙቀቱ ያቃጥላል፤ እኔ ጋቢ ደርቤያለሁ። ከአጠገባችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ «ልጅቷን ንዳድ ይዟታል እንዴ?» ብለው እናቴን ጠየቋት። «ኧረ ከዘይቱን ዛፍ ወድቃ ትከሻዋን ተመትታ ነው» አለች እናቴ፤ ሳታመነታ። በሕይወቴ ዘይቱን ላይ ወጥቼ አላውቅም። አሮጊቷ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እኔ ውሃውን እያየሁ፣ የወደቅሁ ብሆን ምን ነበር ብዬ ተመኘሁ። መውደቅ አያሳፍርም።

ወጌሻው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከቡናው ተክል ውስጥ ነው። ቅቤ ቀብተው ጀርባዬን አሹት፤ ከዚያ በጉልበታቸው ከጎኔ ተደግፈው ክንዴን ወደ ታች ሳቡት። ጮኽሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ሲያበቁ በአቡጀዲ ቅዳጅ ከብብቴ እስከ ወገቤ ጠምጥመው አሰሩኝና፣ «እንዳይፈታ፤ አጥንቱ ወደ ቦታው ይገባል» አሉ።

በዚያ እስር ትምህርት ቤት ሄድሁ። ትንፋሼ ግማሽ ግማሽ ሆነ። አንድ ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ስንዘምር ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። መምህራችን ተሸክመው ወደ ቢሮ አስገቡኝ፤ ልብሴን ሊያላሉልኝ ሲሉ ጥምጥሙ ታየ። አባቴ ከፋብሪካው ተጠርቶ መጣ። የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ እጁ ዘይት እንደ ነካ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ አየኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ቤት ስንደርስ ጥምጥሙን ራሱ ፈታው። ከእናቴ ፊት ጀርባዬን አየ፤ ያን ያህል ዘመን ባንድ ቤት ስንኖር ጀርባዬን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኑን ወዲያው አነሣ። ነገር ግን አልጮኸም።

«ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለ።

«ሐኪም ቤት ገብታ ወሬ ይሁንባት?» አለች እናቴ።

«ይሁንባት።»

በማግስቱ ተራ ይዘን ብዙ ጠበቅን። አባቴ ከኮሪደሩ ቀረ፤ እናቴና እኔ ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጸጥ ያለ፣ እናቴን «እርስዎ» የሚል፣ እኔን «እኅቴ» የሚል። ጥግ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሱ የጤና ተማሪዎች ቆመዋል፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ከላይ ያለውን እንዳወልቅ ሲነግረኝ እናቴን አየሁ። ነጠላዋን አውልቃ በፊት ለፊቴ በኩል ይዛ ቆመች።

«ጎንበስ በይ፤ መዳፎችሽን አጋጥመሽ ወደ እግርሽ አውርጂ» አለ ሐኪሙ።

ጎነበስሁ። «አያችሁ፣» አላቸው ልጆቹን፣ «ቀጥ ብላ ስትቆም የትከሻ መበላለጥ ብቻ ይመስላል። ስትጎነበስ ግን በዚህ በኩል ጎድኗ ከፍ ብሎ ይወጣል።» ተጠግተው ሲያዩ ትንፋሻቸው ጀርባዬን ነካኝ። የሲሚንቶው ወለል ላይ አንድ ስንጥቅ ነበረ፤ እሱን እያየሁ ቀና በይ እስኪለኝ ጠበቅሁ።

ሐኪሙ እናቴን፣ «የወር አበባ ጀምራለች?» ሲላት መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ።

«ዘንድሮ» አለች እናቴ፤ በሹክሹክታ።

«በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ? በእናት ወይም በአባት ወገን፣ ትከሻው የተዛነፈ፣ ጀርባው የጎበጠ?»

«የለም» አለች እናቴ። ጥያቄው ሳያልቅ ነበር የመለሰችው።

ራጅ ተነሣሁ። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አባቴን ጭምር ጠርቶ አሳየን። ቀጥ ያለ የሚመስለኝ አጥንቴ አሸዋ ላይ እንዳለፈ እባብ ዱካ ታጥፏል። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ነገረን። ትከሻዬ ጤነኛ ነው፤ የተጣመመው የጀርባ አጥንቴ ነው፤ ትከሻው እሱን ተከትሎ ነው የተነሣው። ውሃ በመሸከም፣ ደብተር በአንድ ወገን በመያዝ፣ በመውደቅም የመጣ አይደለም። በዕድገት ጊዜ፣ ይልቁንም በሴቶች ላይ፣ እንዲህ ይሆናል፤ የብዙውን ምክንያት ሐኪሞችም አያውቁትም።

«ገና እያደገች ነው፤ አጥንቱም አብሯት እየታጠፈ ነው» አለ። «የሚደግፍ ነገር አዲስ አበባ ይሠሩላታል። ያንን ከለበሰች ባለበት ሊቆም ይችላል፤ ካልተደገፈ እየጎበጠ ይሄዳል። ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ደግሞ የተሻለ ነበር።»

እናቴ አቀረቀረች። አባቴ ሐኪሙን አመሰገነ።

ስንመለስ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ነበር። አንድ ዋርካ ሥር ስንደርስ እናቴ ቆመች፤ ከዚያም ተቀመጠች። አባቴ ደክሟት መስሎት፣ «ውሃ ላምጣልሽ?» አላት።

«ሐኪሙን ዋሸሁት» አለች።

«ምኑን?»

«የለም አልሁት። አለ። እኅት አለችኝ።»

አባቴ የሚያውቀው እናቴ አንድ ወንድም ብቻ እንዳላት ነው። ዱርቤቴ ስትሄድ ብቻዋን ነበር የምትሄደው፤ እኛን፣ «ጭቃ ነው፣ ቁንጫ ነው» ብላ ታስቀረናለች። ወንድሟ ሊጠይቀን ሲመጣም ስለ እኅቱ አንሥቶ አያውቅም።

«ታላቄ ናት» አለች እናቴ። «እንደ እሷ ዕድሜ፣ ዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ሲሞላት ጀመራት። አሁን ጀርባዋ ጎብጧል። ወንድሜ ቤት ነው ያለች።»

«እኔን ፈርተሽ ነው ወይስ በእሷ አፍረሽ?» አላት አባቴ።

ከነጠላዋ ጫፍ ክር እየሳበች ቆየች። «በዘር አለባቸው ካሉህ አታገባኝም ብዬ ነበር። ከተጋባን በኋላ ደግሞ ከየት ልጀምረው?»

እኔ አክስት እንዳለኝ የሰማሁት እንዲህ ነው። ደስ ይላታል ብላችሁ እንደሆነ፣ አላለኝም። የታየኝ ሐኪሙ «ካልተደገፈ» ያለው ነገር ነው። ያ ነገር ሰው ሆኖ፣ ስም ኖሮት፣ ዱርቤቴ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር።

አባቴ ቂም አልያዘም ማለት አልችልም፤ ለብዙ ቀን ከእናቴ ጋር ከሚያስፈልገው በላይ አልተነጋገረም። ግን የመጀመሪያው የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ሁላችንንም አስነሥቶ በአውቶቡስ ወደ ዱርቤቴ ወሰደን። የገበያ ቀን ስለ ነበር መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቷል። እናቴ ከመኪናው ወርዳ እስከ ወንድሟ ቤት ድረስ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ሄደች።

አክስቴ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጎመኑ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ተነሥታ ልትስመን ስትመጣ ገና ከሩቅ አየኋት። ቀኝ ጀርባዋ ተነሥቶ አንገቷን ወደ ጎን ገፍቶታል፤ ስትራመድ አንድ እጇ ከሌላው ረዝሞ ይንጠለጠላል። ፊቷ ግን የእናቴ ፊት ነው። ወንድሞቼ ከአባቴ ኋላ ተደበቁ።

እናቴን ሳመቻት፤ አባቴን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ከዚያ እኔን ያዘችኝ።

«ዙሪ እስቲ።»

ዞርሁ። በቀጫጭን ጣቶቿ አጥንቴን ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። እንደ ሐኪሙ አልነበረም፤ መንገዱን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ነበር የነካችኝ።

«ያንቺ ገና ነው» አለችኝ። ወደ እናቴ ዞረች፤ ፈገግታዋ ጠፋ። «እሷንም እንደኔ እስክትሆን ልትሸሽጊያት ነበር?»

እናቴ አለቀሰች። አክስቴ አላባበለቻትም። ስትናገር ቶሎ ቶሎ ትንፋሽ ያጥራት ነበር፤ እያረፈች ነገረችን። በልጅነቷ ቡዳ በልቷት ነው ተብሎ ጢስ ታጠነች፤ ዛር ነው ተብሎ ተደለቀባት። አጥንቷ እንዲቃና ብለው በደረቷ አስተኝተው ወፍጮ ድንጋይ ጭነውባት ያውቃሉ። ሐኪም ቤት የወሰዳት ግን የለም። «ከብት ሲታመም እንኳ ሐኪም ፍለጋ ይኬድ ነበር» አለች። አባቴ እኔን ያየኝን ሐኪም ሲነግራት፣ እንግዳ ሰው ነውና አክብራ፣ «ይህ ሐኪም ያሉት ሰው እኔንስ ያየኛል?» ብላ ጠየቀችው።

«ያይዎታል» አለ አባቴ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። እኅቷ ከእኛ ጋር ወደ ባሕር ዳር ልትመጣ መሆኑን ያኔ ነው የተረዳች።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ሰፈራችን ድረስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአክስቴ ጋር የሄድነውን መንገድ አልረሳውም። ፈጥና መሄድ አትችልም፤ ስለዚህ ሁላችንም በእሷ እርምጃ ሄድን። የሱቅ ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ሁሉ አዩን። ሕፃናት ተከተሉን። እኔ ጓዟን ይዤ ከጎኗ ነበርሁ፤ እሷን ያየ ሰው ዓይን ወደ እኔ ትከሻ ሲሄድና እዚያ ሲቆም ይታወቀኝ ነበር። የሰፈራችን ሴቶች ደጅ ላይ ነበሩ። አንደኛዋ፣ እናቴ የልጆቿን ልብስ የምትሰፋላት፣ «እንግዳ መጣብሽ?» አለቻት።

እናቴ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እኅቴ ናት» አለች።

«እኅት አለሽ እንዴ?»

«ታላቄ ናት» አለችና በሩን ከፈተች።

ሐኪሙ አክስቴን ሲያይ እኔም ገባሁ። እሷ ልብሷን ያለ ምንም ማመንታት አወለቀች። እናቴ በነጠላ ልትጋርዳት ስትሞክር፣ «ተይ ወዲያ፤ ይየኝ ብዬ ነው የመጣሁ» ብላ ገፋቻት። ሐኪሙ ደረቷን ብዙ አዳመጠ። አጥንቱ በዚህ ዕድሜ እንደማይመለስ፣ ነገር ግን የጎበጠው አጥንት ሳንባዋን እንደተጫነው፣ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ሳትቆይ መምጣት እንዳለባት ነገራት፤ ለትንፋሿም መድኃኒት ሰጣት። እናቴ «ያን ዕለት የለም ያልሁዎት» ብላ ስትጀምር፣ «ገባኝ» አላት። አልወቀሳትም፤ ፊቷን ሳያይ ወረቀቱ ላይ መጻፉን ቀጠለ። እናቴ ግን ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ስትል ኖራለች።

አዲስ አበባ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ቢሮው በሰው ተሞልቷል። ጸሐፊው አባቴን፣ «የጉዞው ምክንያት?» አለው።

«ሕክምና ነው። ለልጄ።»

«ምን ሆነች?»

አባቴ ወደ ኋላው አየ። ከሰልፉ ላይ ያቺ ሰልፍ ሜዳ ላይ የሳቀችብኝ ልጅ ከእናቷ ጋር ቆማለች። «ጀርባዋ ተጣሟል» አለ፤ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። መሬት መሬት አየሁ። ጸሐፊው ማኅተሙን መታ።

ከአባቴ ጋር ደብረ ማርቆስ አድረን አዲስ አበባ ገባን። መደገፊያው የሚሠራበት ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ወታደሮች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ከሰሜን ጦርነት የመጡ፣ እግር የሌላቸው፣ እጅ የሌላቸው። ብዙዎቹ ከእኔ ብዙም አይበልጡም። ከጎኔ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የተቀመጠው ልጅ የሱሪውን አንድ እግር አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይዞታል።

«አንቺስ ምንሽን ነው?» አለኝ።

እንዴት ብዬ ልንገረው? «ትከሻዬ ይበላለጣል» አልሁት።

አየኝ፤ ቀኙንም ግራውንም። «እኔ አይታየኝም» አለ። ከዚያ ሳቀና ጉልበቱን መታ አደረገ። «የኔ ግን ይታያል፣ አይደለም?»

ያን ጊዜ ያፈርሁት ከዚያ በፊት ካፈርሁት ሁሉ የተለየ ነበር። ይዤው የመጣሁት ሕመም ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ ትንሽ ሆኖ ሳለም ይህን ያህል በማፈሬ እንደገና አፈርሁ። ልጁ ስሙ ሲጠራ ክራንቹን አቀበልሁት።

የሠሩልኝ ነገር ከብረትና ከወፍራም ቆዳ ነበር፤ ከብብቴ እስከ ዳሌዬ ይይዘኛል፤ ከፊት በቀበቶ ይጠብቃል። ስታጠብ ካልሆነ በቀር እንዳላወልቀው ተነገረኝ። በሙቀት ቆዳው ያልበኛል፣ ብረቱ ይልጠኛል። ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ወንበሩን ሲመታ ቋ ይላል፤ ተማሪው ሁሉ ይዞራል። ወንዶቹ «ባለ ጥሩር» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ወደ ጦር ሜዳ የምሄድ ይመስል። እናቴ ከላይ የሚደረብ ሰፊ ሹራብ ሠራችልኝ፤ ብረቱን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነውም። እንዲሸፍነው አላደረገችውም መሰለኝ፤ አልጠየቅኋትም።

አክስቴ ያን ዓመት ሙሉ፣ ክረምቱንም ጭምር፣ እኛ ጋ ተቀመጠች። ቀበቶዬን ጠዋት ጠዋት የምታጠብቅልኝ እሷ ነበረች። አንዳንድ ቀን አልለብስም ብዬ አልቅሼ እቀመጣለሁ። አታባብለኝም። «እኔ ይህን አላገኘሁም» ትለኛለች፤ እስክነሣ ድረስ ቀበቶውን ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። ክረምቱ ሲያልፍ ሹፌሩን ተማጽና ከፊተኛው ወንበር ተቀምጣ ወደ ዱርቤቴ ተመለሰች። የከተማ ሰው ወሬኛ ነው አለች።

ቁመቴ ማደጉን ሲያቆም መደገፊያውን አወለቅሁ። ያ ሐኪም ያኔ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ነበር፤ በምትኩ የመጣችው ሐኪም አዲሱን ራጅ ከአሮጌው ጋር አስተያይታ፣ «ባለበት ቆሟል» አለች።

«ይቃናል?» አለች እናቴ።

«አይቃናም። ግን ከዚህ አይብስም፤ ትማራለች፣ ትሠራለች፣ ትወልዳለች።»

እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለች። እኔ በልቤ ቀጥ እላለሁ ብዬ ተስፋ ሳደርግ ስለ ኖርሁ ከክፍሉ ስወጣ እንባዬ መጣ። ዛሬም ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ይበልጣል። ፎቶ ስነሣ በጎኔ ዞሬ እቆማለሁ፤ ይህን ያደረግሁት መሆኑን ፎቶው ከታጠበ በኋላ ነው የማውቀው።

የእናቴ ወንድም የመጀመሪያ ልጁን የዳረ ዕለት ሁላችንም ዱርቤቴ ነበርን። በዚያ ቤት ሠርግ ሲሆን አክስቴ የምትቀመጠው ጓዳ ከጋን አጠገብ ነበር፤ እንግዳ እንዳያያት። እናቴ ገብታ እጇን ይዛ አወጣቻት። ዳሱ መሐል አስገብታ ከሙሽራው ወገን ፊት ለፊት አስቀመጠቻት፤ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች። እኔን ደግሞ በዓይኗ ጠራችኝ። በአክስቴ በሌላው ጎን ቦታ ነበር። በስስ ቀሚስ ነበርሁ፤ ሄጄ ከአክስቴ ጎን ስቀመጥ ሁለታችንን አስተያይተው እርስ በርስ የተጠቃቀሱ ሰዎች አየሁ። ጆሮዬ እስኪግል አፈርሁ። እናቴም አፍራ ነበር፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል። አክስቴ ጠላ ይቅዱልኝ ብላ ዋንጫዋን አነሣች። ቀዱላት። ወጡ መጣ፤ ሦስታችንም አብረን በላን።